አሮጌ ሳንቲም ምን ይናገራል?

በወለንጪቲ አጠገብ በሚገኝ አንድ መንደር የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ እንበል። እኚህ እናት ከአማታቸው የወረሱት አንድ የቆዳ ከረጢት አላቸው። በከረጢቱ ውስጥ አምስት የጠቆሩ አሮጌ ሳንቲሞች አሉ። አንድ ቀን ከገበያ ገበያ የሚዞር ነጋዴ ወሬውን ሰምቶ መጣ። ሳንቲሞቹን በመዳፉ ላይ አገላብጦ አየና፣

«እማማ፣ ይኼ እኮ ዛሬ አይሠራበትም። አሮጌ ብረት ነው። ለእርስዎ ብዬ አምስቱንም ባንድ ላይ ልውሰድልዎት» አላቸው።

እኚህ እናት ገንዘብ ቸግሯቸዋል። አንደኛው በሬያቸው ታሞባቸዋል። የእርሻው ወራት ደግሞ ደርሷል። ነጋዴውም ገንዘቡን ከኪሱ አውጥቶ ይዟል። ነገር ግን እኚህ እናት ባለፈው ዓመት ማንበብና መጻፍ ተምረዋል። ስለዚህ እጃቸውን ዘረጉና፣

«ቆይ ልጄ፣ አትቸኩል። ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ጊዜ ነው። የተጻፈበት ነገር ካለ መጀመሪያ ላንብበው» አሉት።

ይህ ታሪክ ለምሳሌ የቀረበ ነው። ይሁን እንጂ በብዙ ቤት ሊደርስ የሚችል ነገር ነው። አሮጌ ሳንቲም በከረጢት፣ በሙዳይ፣ በእናቶች የአንገት ጌጥ ላይ ይገኛል። ባለቤቱ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይሸጠዋል፤ ወይም ያቀልጠዋል፤ ወይም እንዲያበራ ብሎ በአመድ ይፈገፍገዋል። በዚህ ጽሑፍ አሮጌ ሳንቲም ምን እንደሚናገር፣ እንዴትም እንደሚነበብ እንመለከታለን። ሳንቲም ስንልም ትንሹንም ትልቁንም፣ ከማዕድን የተሠራውን ገንዘብ ሁሉ ማለታችን ነው።

ሳንቲም ሰብሳቢ ማን ነው?

በዓለም ላይ አሮጌ ሳንቲም የሚሰበስቡ ብዙ ሰዎች አሉ። በአገራችንም አሉ። ሳንቲም ሰብሳቢ ገንዘብ የሚያከማች ሰው አይደለም። ገንዘብ የሚያከማች ሰው ብዛቱን ይቆጥራል። ሳንቲም ሰብሳቢ ግን ጽሑፉን ያነባል፤ ሥዕሉን ያያል፤ ዘመኑን ይጠይቃል። አንዲት ያላያትን ሳንቲም ለማግኘት ዓመት ሙሉ ሊፈልግ ይችላል።

ሰብሳቢዎች አንድ ልማድ አላቸው። ዓመቱ ሲያልቅ ይገናኙና እያንዳንዱ በዓመቱ ውስጥ ካገኘው ሁሉ የወደደውን አንዱን ያሳያል። የቀሩት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁታል። ምንድን ነው? ከየት መጣ? ለምን ወደድከው? ይህን መመለስ ያልቻለ ሰው ሳንቲሙን ይዞታል እንጂ አላወቀውም ማለት ነው።

እስቲ አራት ሰብሳቢዎች በጳጉሜን አንድ ቀን በአዳማ ከተማ ተገናኝተዋል እንበል። አዳማ ለዚህ የምትመች ከተማ ናት። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ያለፈው በዚች በኩል ነው። ከተማዋም ከባቡሩ ጋር አደገች። ለብዙ ዓመታት ናዝሬት እየተባለች ትጠራ ነበር። ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው፣ ወደ አርሲ የሚወጣው፣ ከሞጆ ወደ መቂ፣ ወደ ባቱና ወደ ሻሸመኔ የሚወርደው መንገድ ሁሉ በአካባቢዋ ይገናኛል። ሰው በሚገናኝበት ቦታ ደግሞ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል።

አራቱ ሰዎች ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው። የሚያሳዩአቸው ሳንቲሞች ግን በአገራችን በእውነት የሠሩ ናቸው።

አንደኛው ሳንቲም፡ ማርትሬዛ

በመጀመሪያ የተነሡት ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። ከመሐረብ ፈትተው አንድ ትልቅ የብር ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ይህ አባቶቻችን ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር የሚሉት ነው። በአንድ በኩል የአንዲት ሴት መልክ አለበት። በሌላው በኩል ሁለት ራስ ያለው ንስር አለበት። ዙሪያውን የተጻፈው በውጭ አገር ፊደል ነው። ዓመቱም 1780 ይላል።

ሴትዮዋ ማርያ ቴሬዛ ትባላለች። ኦስትሪያ የሚባለውን የአውሮፓ አገር ትገዛ ነበር። 1780 በአውሮፓ አቆጣጠር የሞተችበት ዓመት ነው። በእኛ አቆጣጠር 1773 ዓ.ም. ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ማርትሬዛ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም መታተሙ አልቀረም። ከ100 ዓመት በኋላም፣ ከ150 ዓመት በኋላም ሲታተም ዓመቱ ያው 1780 ነው። ለምን ቢባል፣ ገንዘቡን የለመዱ የአረብና የኢትዮጵያ ነጋዴዎች ሌላ ዓመት ወይም ሌላ መልክ ያለበትን አንቀበልም ስለሚሉ ነው። ስለዚህ 1780 የሚለውን አይቶ «ይህ ሳንቲም ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ምናልባት የአያታችን እኩያ ይሆናል።

ማርትሬዛ ወደ አገራችን የገባው በቀይ ባሕር ንግድ ነው። ነጋዴው ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ወስዶ ማርትሬዛ ይዞ ይመለስ ነበር። ሰው ያመነውም ስለማይለዋወጥ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። ከ1,000 እጅ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ የቀረው መዳብ ነው። ክብደቱ የታመነ ስለሆነ ወርቅና ሌላም ዕቃ ይመዘንበት ነበር።

አያቶቻችን ይህን ገንዘብ ሲቀበሉ በጣም ይጠነቀቁ ነበር። የውጭውን ፊደል ማንበብ ባይችሉም ሥዕሉን ያነቡ ነበር። በሴትዮዋ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ያዩና በላዩ ያሉትን ትንንሽ ነጥቦች ይቆጥራሉ። በራስዋ ጌጥ ላይ ያሉትንም ያያሉ። ነጥቦቹ ከጠፉ ወይም ከተፋቁ፣ «ይኼ ልሟል፤ ለውጥልኝ» ይላሉ። በድንጋይም ላይ ጥለው ድምፁን ያዳምጣሉ።

በ1927 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣሊያ አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ ይህን ገንዘብ የማተም ፈቃድ ከኦስትሪያ አገኘች። ሮም ላይም አሳተመችው። ያለ ማርትሬዛ በኢትዮጵያ ገጠር እህልም ሆነ የጭነት ከብት መግዛት እንደማይቻል ታውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ እንግሊዞችም ለንግዳቸው በለንደን አሳተሙት።

«ታዲያ ለምን ወደዱት?» ተብለው ሲጠየቁ፣ አዛውንቱ እንዲህ አሉ። «አባቴ የመጀመሪያውን በሬ የገዙት በዚህ ነው። የትኛው አገር እንደታተመ አላውቅም። ግን በስንት እጅ እንዳለፈ ሳስበው ደስ ይለኛል።»

ሁለተኛው ሳንቲም፡ የምኒልክ አላድ

ሁለተኛዋ ሰብሳቢ መምህርት ናት። ያመጣችው ከማርትሬዛው የሚያንስ የብር ገንዘብ ነው። በአንድ በኩል ዘውድ የደፋ ንጉሥ አለበት። ዙሪያውንም በራሳችን ፊደል «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ተብሎ ተጽፎበታል። በሌላው በኩል ባንዲራ የያዘ አንበሳ አለበት። ይህ የምኒልክ አላድ ነው። አላድ ማለት የብር ግማሽ ነው።

አጼ ምኒልክ ይህን ገንዘብ ለምን አሳተሙ? በዚያ ዘመን ለትልቁ ግብይት ማርትሬዛ ነበረ። ለትንሹ ግብይት ግን ዝርዝር አልነበረም። ሰው በአሞሌ ጨውና በጥይት ይገበያይ ነበር። አሞሌ ከአፋር ቆላ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ የሚመጣ ጨው ነው። ከቦታው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል። ዝናብ ከነካው ይሟሟል። ከተሰበረም ዋጋው ይወድቃል። ዛሬ አሥር አሞሌ የነበረው ሰው ነገ ስምንት ሊኖረው ይችላል።

ከዚህም ሌላ የራሱ ገንዘብ የሌለው አገር የሰው አገር ገንዘብ ጠባቂ ይሆናል። በመሆኑም አጼ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ስለ አዲሱ ገንዘብ አዋጅ አወጡ። ገንዘቡ መጀመሪያ የታተመው በፈረንሳይ አገር በፓሪስ ከተማ ነው። በኋላ ማተሚያው መኪና አዲስ አበባ ገባ። ብር፣ አላድ፣ ሩብና ተሙን ወጡ። ሩብ የብር አራተኛ ነው፤ ተሙን የብር ስምንተኛ ነው። ከመዳብ የተሠራ ትንሽ ገንዘብም ወጣ።

ሕዝቡ ግን አዲሱን ገንዘብ ቶሎ አልተቀበለውም። በተለይ ከአዲስ አበባ በራቀው አገር «የለመድነው ማርትሬዛ ይሻለናል» አለ። እዚህ ላይ የምናየው ነገር አለ። ገንዘብን ገንዘብ የሚያደርገው አዋጅ ብቻ አይደለም። ሰው ሲያምነው ነው።

አሁን ወደ ንባቡ እንመለስ። በዚህ ሳንቲም ላይ ዓመቱ የተጻፈው በግዕዝ አኃዝ ነው። እንዲህ ይላል፦ ፲፰፻፹፯። አነባበቡ ቀላል ነው። ፲ አሥር ነው፤ ፰ ስምንት ነው። ባንድ ላይ አሥራ ስምንት ይሆናሉ። ፻ መቶ ነው። አሥራ ስምንት መቶ ማለት 1,800 ነው። ፹ ሰማንያ ነው፤ ፯ ሰባት ነው። ስለዚህ 1887 ዓ.ም. ማለት ነው። ፲፰፻፹፱ ከሆነ 1889 ይሆናል።

ሰብሳቢዎች ሌላም ነገር ያያሉ። አንበሳው በአንዳንዱ ሳንቲም ላይ የግራ እግሩን አንሥቷል። በሌላው ላይ የቀኝ እግሩን አንሥቷል። ያላስተዋለ ሰው ሁለቱን አንድ ነው ይላል። ያስተዋለ ሰው ግን የተለያየ ኅትመት መሆኑን ያውቃል።

መምህርቷ ለምን እንደወደደችው ስትጠየቅ፣ «ተማሪዎቼ የግዕዝ ቁጥር ምን ይሠራል ይሉኛል። ይህን ሳንቲም አሳያቸዋለሁ» አለች።

ሦስተኛው ሳንቲም፡ ክቡ ሃያ አምስት ሳንቲም

ሦስተኛው ሰው ባለሱቅ ነው። ያመጣውም የመዳብ ሃያ አምስት ሳንቲም ነው። ሰዎቹ ሁሉ ጎንበስ ብለው አዩት። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ተራ ነገር ነው። ነገር ግን ይህ ሳንቲም ክብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በአገራችን የጣሊያን ሊሬ ገብቶ ነበር። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ደግሞ የእንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ገባ። ከዚያም ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሥራ ላይ ዋለ። የ1፣ የ5፣ የ10ና የ25 ሳንቲም ከመዳብ ተሠሩ። ሃምሳ ሳንቲሙ ከብር ተሠራ። የመጀመሪያዎቹ የታተሙት በአሜሪካን አገር በፊላደልፊያ ከተማ ነው። በአንድ በኩል የአጼ ኃይለ ሥላሴ መልክ፣ በሌላው በኩል አንበሳ አለባቸው።

በዚያን ጊዜ አንድ ብር በሁለት ሽልንግ ሂሳብ ይለወጥ ነበር። ስለዚህ አንድ ሽልንግ ግማሽ ብር፣ ማለት ሃምሳ ሳንቲም ሆነ። ሽልንጉ ከገበያ ከወጣ ብዙ ዘመኑ ነው። ስሙ ግን ከሕዝቡ አፍ አልጠፋም። ሃምሳ ሳንቲምን ሽልንግ የምንለው ለዚህ ነው። እንዲሁም በኦሮምኛ ብርን ቀርሺ የሚሉት ግርሽ ከሚባለው ከጥንቱ ገንዘብ ስም የመጣ ነው። ስለዚህ ሳንቲም በከረጢት ብቻ ሳይሆን በቋንቋም ውስጥ ይቀመጣል።

ወደ ክቡ ሃያ አምስት ሳንቲም እንመለስ። ይህ ሳንቲም በመጠኑ ከሃምሳ ሳንቲሙ ጋር ይመሳሰል ነበር። አንዱ መዳብ፣ አንዱ ብር ስለሆነ በቀለም ይለያሉ። ነገር ግን አንድ አታላይ መዳቡን ነጭ ቀለም ቢለብጠው፣ ሃያ አምስቱን ሃምሳ ነው ብሎ ሊሰጥ ይችላል። ማታ በኩራዝ ብርሃን የሚሸጥ ሰው በቀላሉ ይታለላል። ስለዚህ ክቡ ከገበያ ተሰበሰበ። በምትኩም ዙሪያው እንደ አበባ የተከረከመ ሃያ አምስት ሳንቲም ወጣ። ማየት የተሳነው ሰው እንኳ በጣቱ ዳስሶ ይለየዋል። ስሙኒ ብለን የምናስታውሰው ይኸው የተከረከመው ነው። ክቡ ግን የቀረው ጥቂት በመሆኑ ብርቅ ሆነ።

በእነዚህ ሳንቲሞች ላይ ያለው ዓመት ሁሉ ፲፱፻፴፮ ነው። ይህም 1936 ዓ.ም. ማለት ነው። እነርሱም እንደ ማርትሬዛው ለብዙ ዓመታት በዚያው በአንድ ዓመት ታትመዋል።

አራተኛው ሳንቲም፡ ገበሬው ያለበት

አራተኛው ሰብሳቢ በባቱ አጠገብ፣ በዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬ ናቸው። ያመጡት በጣም ቀላልና ትንሽ ሳንቲም ነው። ከአሉሚኒየም የተሠራ አንድ ሳንቲም ነው። በአንድ በኩል የአንበሳ ራስ አለበት። በሌላው በኩል ሁለት በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ አለበት። ዓመቱም ፲፱፻፷፱ ይላል፤ 1969 ዓ.ም. ማለት ነው።

በዚያ ዓመት የወጡት ሳንቲሞች የንጉሥ መልክ የለባቸውም። በአሥር ሳንቲሙ ላይ ከአገራችን በቀር በሌላ ዓለም የማይገኘው የደጋ አጋዘን አለበት። ይህ አውሬ የሚኖረው ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ ባሉት በአርሲና በባሌ ተራሮች ነው። በሃያ አምስት ሳንቲሙ ላይ እጃቸውን ያነሡ ወንድና ሴት አሉበት። በአንድ ሳንቲሙ ላይ ገበሬው አለበት።

ዛሬ በአንድ ሳንቲም የሚገዛ ነገር የለም። ስለዚህ ሰው ጥሎታል፤ ልጆች ተጫውተውበት ጠፍቷል። አንድ ነገር ብርቅ የሚሆነው እንዲህ ነው። በበዛበት ጊዜ ማንም አያስቀምጠውም። ከጠፋ በኋላ ይፈለጋል። እርግጥ ነው፣ ይህ ሳንቲም ዛሬ ብዙ ገንዘብ አያወጣም። ገበሬው ግን፣ «እኔ የወደድኩት ለዋጋው አይደለም። ሥራዬ በገንዘብ ላይ ተሥሎ ያየሁት በዚህ ነው። በትንሿ ሳንቲም ላይ መሆኑ ቢከፋኝም፣ በትንሿ ላይ ነበርን ብዬ ለልጆቼ አሳያለሁ» አሉ። ሰዎቹ ሁሉ ሳቁ።

ከጠረጴዛው ላይ ያልነበረው ሳንቲም

ከአራቱ ሰዎች አንዱም ያላመጣው ሳንቲም አለ። እርሱም የአክሱም ሳንቲም ነው። ከሁሉ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ይህ ነው።

ከዛሬ 1,700 ዓመት በፊት ገደማ የአክሱም ነገሥታት የራሳቸውን ገንዘብ ያትሙ ነበር። በስሙ ገንዘብ ያሳተመው የመጀመሪያው ንጉሥ ኢንዱቢስ ይባላል። ከወርቅ፣ ከብርና ከመዳብ ያሳትሙ ነበር። በዚያን ዘመን የወርቅ ገንዘብ የሚያትሙ አገሮች በዓለም ላይ ጥቂቶች ነበሩ። የወርቁ ሳንቲም ትንሽ ነው፤ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። በየመንና በሕንድ አገርም ተገኝቷል። ይህም የአክሱም ነጋዴ እስከዚያ ድረስ ይሄድ እንደነበር ወይም ገንዘቡ ይታመን እንደነበር ያሳያል።

በወርቁ ላይ ብዙ ጊዜ የተጻፈው በግሪክ ቋንቋ ነው። የባሕር ማዶ ነጋዴ እንዲያነበው ነው። በብሩና በመዳቡ ላይ ግን ከጊዜ በኋላ ግዕዝ ተጻፈ። የአገሩ ሰው እንዲያነበው ነው። በቀደሙት ሳንቲሞች ላይ የጨረቃ ምልክት ነበረ። ንጉሡ ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ በጨረቃው ፈንታ መስቀል ገባ። አንድ ሃይማኖት መለወጡን ሳንቲም ይመሰክራል ማለት ነው።

ሌላም የሚያስደስት ነገር አለ። በብዙዎቹ የወርቅ ሳንቲሞች ላይ የንጉሡን ራስ ከግራና ከቀኝ የሚከበው የእህል ዛላ ነው። የስንዴ ወይም የገብስ ዛላ ነው ይባላል። ጥንት የገበሬው ፍሬ በወርቅ ላይ ተሥሎ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ አራቱ ሰብሳቢዎች የአክሱም ሳንቲም ያላመጡት ለምንድን ነው? አንደኛ፣ የአክሱም ሳንቲም በብዛት የሚገኘው በሰሜን ነው፤ በአዳማ ገበያ የሚገኝ ነገር አይደለም። በአዳማ ገበያ «የአክሱም ወርቅ ነው» ብሎ የሚያቀርብ ሰው ካለ፣ አስመስሎ የተሠራ ሊሆን ይችላልና መጠንቀቅ ያሻል። ሁለተኛ፣ ከመሬት የተገኘ ጥንታዊ ሳንቲም ቅርስ ነው። ቦታው በሙዚየም ነው። ማየት የሚፈልግ ሰው አዲስ አበባ ሲሄድ በብሔራዊ ሙዚየም ሊያይ ይችላል።

ከመሬት የተገኘ ሳንቲም ምን ይደረግ?

ገበሬ ሲያርስ ወይም ጉድጓድ ሲቆፍር ጥንታዊ ሳንቲም ወይም ሌላ ዕቃ ሊያገኝ ይችላል። በዚህ ጊዜ መሸጥ አይገባም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 የተገኘው ቅርስ ቶሎ እንዲገለጽ ያዛል። ስለዚህ ለቀበሌው ወይም ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መንገር ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ ቅርስን ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው።

ሕጉ እንዲህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሳንቲም የሚናገረው ከተገኘበት ቦታ ጋር ሲሆን ነው። ከየትኛው ጥልቀት ወጣ? ከእርሱ ጋር ሸክላ ነበረ? አጥንት ነበረ? ይህ ሁሉ ለተመራማሪ ቃል ነው። ሳንቲሙ በኪስ ተደርጎ ገበያ ከሄደ ቃሉ ይጠፋል። ከመጽሐፍ አንድ ቅጠል ተቀዶ በመንገድ ቢገኝ፣ የየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ማን ያውቃል? ይህም እንደዚያው ነው።

ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱት ማርትሬዛ ግን ሌላ ነገር ነው። እርሱ የቤተሰቡ ንብረት ነው። ማስቀመጥም መሸጥም የባለቤቱ ውሳኔ ነው። ውሳኔው ግን ከማወቅ በኋላ ይሁን።

ከመሸጥና ከማቅለጥ በፊት

አሮጌ ሳንቲም በቤቱ ያለው ሰው እነዚህን ምክሮች ቢከተል ይጠቀማል።

1. ሳንቲሙን አንብብ። ስሙን፣ ዓመቱንና ሥዕሉን በደብተርህ ላይ ጻፍ። ከማን እንደወረስከው ጨምር። ጽሑፉ የውጭ አገር ከሆነ ቅርጹን እያየህ ሣል፤ ወይም ለሚያውቅ ሰው አሳይ።

2. አትፈግፍገው። አመድ፣ አሸዋ ወይም ሎሚ የሳንቲሙን ፊደል ይበላዋል። የጠቆረ ብር አልተበላሸም። ሰብሳቢዎች የተፈገፈገ ሳንቲም አይወዱም፤ ዋጋውንም ይቀንሱታል።

3. አትብሳው፤ ማንጠልጠያም አታስበይደው። ቀድሞ በጌጥ ላይ የዋለ ከሆነ ግን እንዳለ ተወው። ጌጡም ራሱ ታሪክ ነው።

4. በጠርዙ ያዘው። እያንዳንዱን ለየብቻ በደረቅ ወረቀት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው። እርጥበት ካለበት ቦታ አርቀው።

5. መርምረው። ብር ማግኔት አይስበውም። ማግኔት ከሳበው ልብጥ ነው። ማርትሬዛ ከሆነ አስመዝነው። ከ28 ግራም በጣም ከቀነሰ ወይም ከበለጠ ጠርጥር። በጠርዙም ዙሪያ ፊደል መኖሩን እይ።

6. ለአንድ ሰው ብቻ አሳይተህ አትሽጥ። ቢያንስ ሁለት ቦታ ዋጋ ጠይቅ። የብሩን የሚዛን ዋጋ አንጥረኛው ይነግርሃል። ሳንቲሙ ብርቅ ከሆነ ግን ዋጋው ከሚዛኑ ይበልጣል።

በአገራችን ብዙ መስቀል፣ ቀለበትና አምባር የተሠራው ከቀለጠ ማርትሬዛ ነው። ይህ የአንጥረኞቻችን ጥበብ ነውና አይነቀፍም። የታተመው በጣም ብዙ ስለሆነ፣ ተራው ማርትሬዛ ቢቀልጥ ሌላ ይገኛል። የምኒልክ አላድ ወይም ተሙን ቢቀልጥ ግን ሌላ አይተካውም። ልዩነቱን የሚያውቅ ያነበበ ሰው ነው።

የእኚያ እናት ነገር

በመጀመሪያ ወዳነሣናቸው እናት እንመለስ። ነጋዴው በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። እርሳቸው በዚያ ሳምንት ሥራ አልፈቱም። አምስቱን ሳንቲሞች ለየብቻ ጠቅልለዋል። የተጻፈባቸውንም በደብተር ገልብጠዋል።

ሦስቱ ማርትሬዛ ሆነው ተገኙ። ነገር ግን ከሦስቱ አንዱን ከተሰበረ ራዲዮ የወጣ ማግኔት ሳበው። እርሱ ልብጥ ነው። አማታቸው በአንድ ወቅት ተታልለው ነበር ማለት ነው። አራተኛው ፲፱፻፴፮ የሚል ሃምሳ ሳንቲም ነው። አምስተኛው ግን ዙሪያውን ሲያነቡት «ዳግማዊ ምኒልክ» ይላል። ዓመቱም ፲፰፻፹፱ ነው።

«ልጄ» አሉት ነጋዴውን፣ «አሮጌ ብረት ያልከው ይኼ ነው። ሁለቱን ጠገራ አዳማ ወስጄ ሁለት አንጥረኛ ዘንድ አስመዝኛለሁ። በዚያ ዋጋ ከወሰድክ እሰየው። ካልወሰድክ እነርሱ ይወስዳሉ። ይህ ምኒልክ ያለበት ግን ለሽያጭ አይደለም።»

ነጋዴው ትንሽ አጉረመረመ። በኋላ ግን በተባለው ዋጋ ሁለቱን ወሰደ። በሬውም ታከመ። አላዱ ከነደብተሩ በሙዳይ ተቀመጠ። በደብተሩ ላይ እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ «ይህን ከአማቴ ወረስኩ። የታተመው በ1889 ዓ.ም. ነው። የብር ግማሽ ነው። እንዳይቀልጥ።»

ሳንቲም ትንሽ መጽሐፍ ነው። ሁለት ገጽ ብቻ ነው ያለው። ነገር ግን የንጉሡን ስም፣ የዘመኑን ቁጥር፣ የሕዝቡን እምነትና የገበያውን ሁኔታ ይናገራል። ማንበብ የማይችል ሰው ዘንድ ሲደርስ ዝም ይላል። ማንበብ የሚችል ሰው ዘንድ ሲደርስ ይናገራል። እንግዲህ በቤታችን ያለውን ከረጢት እንፍታና እናንብብ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በማርትሬዛ ላይ ያለው 1780 የታተመበት ዓመት ነው ማለት ለምን አይቻልም?

2. ፲፰፻፺፪ የሚለውን አንብቡ። በተለመደው ቁጥር ጻፉት።

3. ክቡ ሃያ አምስት ሳንቲም ከገበያ የተሰበሰበው ለምንድን ነው?

4. አንድ ገበሬ ሲያርስ ጥንታዊ ሳንቲም ቢያገኝ ምን ማድረግ ይገባዋል? ለምን?

5. በአካባቢያችሁ ያሉ ሽማግሌዎች የሚያስታውሱትን የጥንት ገንዘብ ስም ጠይቁና በደብተራችሁ ጻፉ።